ወንድሜ እናታችን እንደሞተች ነው የሚያውቀው

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከወላይታ ሶዶ አቅራቢያ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። አባታችን ሲሞት እናታችን አራት ልጅ ይዛ ቀረች። ትንሹ ወንድሜ ያኔ አራት ዓመቱ ነበር። በ2001 ዓ.ም. አጎታችን ከአንድ የከተማ ሰው ጋር መጥቶ፣ «ልጁ አሜሪካ ሄዶ ይማራል፣ አድጎ ይመለስልሻል» አላት። እናቴ ማንበብ አትችልም። ጣቷን ቀለም ነክረው አስፈረሟት። ሁለት ዓመት ፎቶ መጣ። ከዚያ የጉዲፈቻው ቢሮ ተዘጋ፣ ፎቶውም ቀረ።

ባለፈው ወር ከአንዱ ፎቶ ጀርባ ላይ በተጻፈ የፈረንጅ ስም ፈልጌ ኢንስታግራም ላይ አገኘሁት። ስሙ ተቀይሯል። ግራ ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ ግን ያው ነው። ጉልቻ ላይ ወድቆ ነው ያገኘው፤ ያን ቀን እንድጠብቀው የተነገረኝ እኔ ነበርኩ። አጎታችን ሲሞት ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ ወረቀቱን አገኘሁ። «እናቱ ሞታለች» ይላል። እናቴ ስኳር ይዟታል። በጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ እስከ ዛሬ የእሱን ድርሻ ለብቻ ታስቀምጣለች። እስካሁን አልነገርኳትም። ታላቅ ወንድሜ «ጻፊለት፣ ቢያንስ ለቤቱ ቆርቆሮ ይላክ» ይላል። ልጻፍለት ወይስ ኑሮውን ልተውለት? ብጽፍስ ምን እላለሁ?

ታላቅ እህቱ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ዓይኔ የቀረው ጠባሳው ላይ ነው። በኋላ ግን አንቺ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር አላስተኛኝም። ወረቀቱ ላይ እናታችሁ ሞታለች።

አንቺ የምትልኪው ሰላምታ ይመስልሽ ይሆናል። እሱ ጋ ሲደርስ ግን ሞተች የተባለች እናቱ አለች የሚል ወሬ ነው። እኛ መርዶ የምንናገርበት ሥርዓት አለን። ዘመድ ይሰበሰባል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ ሰው ብቻውን እያለ አይነገረውም። የመርዶ ግልባጩን እንዴት እንደሚነግሩ ግን ማንም አላስተማረን። ወንድምሽ መልእክትሽን የሚያነበው ምናልባት ከክፍል ወጥቶ ኮሪደር ላይ እንደቆመ ነው። ጎኑ የሚቀመጥ ዘመድ የለም። ይህን ሁሌ በልብሽ ያዢ።

ልጻፍለት ወይ ላልሽው፣ አዎ ጻፊለት። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፣ አዋቂ ነው። ከአሥራ ስምንት በታች ቢሆን ኖሮ በቅድሚያ ለአሳዳጊዎቹ ጻፊ እልሽ ነበር። «ኑሮውን ልተውለት» ያልሽው ከደግነት እንደመጣ ይገባኛል። ግን ልጁ የሚኖረው ሌላ ሰው በጻፈለት ታሪክ ውስጥ ነው። እውነቱን ሰምቶ «አሁን አልፈልግም» ማለት መብቱ ነው። ሳይሰማ መቅረቱን ግን ማናችንም ልንወስንለት አንችልም።

ከመጻፍሽ በፊት ግን ለእናትሽ ንገሪያት።

ብዙ ሰው ተቃራኒውን ይመክርሻል። «መጀመሪያ ይመልስ፣ ከዚያ ትነገራለች፤ እምቢ ካለ ልቧ ይሰበራል፣ በዚያ ላይ ስኳር አለባት» ይሉሻል። ለክፋት አይደለም። ግን በ2001 የሆነውን ተመልከቺ። አጎትሽ፣ ያ የከተማ ሰው፣ ወረቀት ጻፊው፣ ሁሉም ስለ እሷ ልጅ ያለ እሷ ወሰኑ። እሷን ጣቷን ብቻ ነው የፈለጓት። አሁንም ለእሷ አስበን ከእሷ ደብቀን ብንጀምረው ያንኑ መድገም ነው። ስትነግሪያት ወሬውን አሳንሺው። «አገኘሁት፣ ይመጣል» አትበያት። «ፎቶውን አይቻለሁ፣ በሕይወት አለ፣ ልጽፍለት ነው፣ ላይመልስም ይችላል፣ ምን ትያለሽ?» በያት። ምግቧን በልታ፣ መድኃኒቷን ወስዳ፣ ጎረቤት በሌለበት ሰዓት ይሁን። «ሞታለች» ስለተባለው ወረቀትም ንገሪያት፣ ግን በሌላ ቀን። ሁለቱ ባንድ ቀን ይከብዳሉ።

ወረቀቱ ለምን እንዲህ እንደተጻፈ ታውቂ ዘንድ ትንሽ ልንገርሽ። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ በጉዲፈቻ ለሚሄድ እንዲህ ላለ ልጅ ቪዛ የሚሰጠው ወላጅ አልባ የሚባል ከሆነ ነው። አንድ ወላጅ ያለው ልጅም ሊያልፍ ይችላል። ያ ወላጅ ግን ማሳደግ እንደማይችል መጣራት አለበት። «ሞታለች» ከተባለ ጥያቄው እዚያው ያልቃል። በዚያ ላይ ገንዘቡ ብዙ ነበር። አሳዳጊዎች ለአንድ ልጅ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍሉ ነበር፤ ገንዘብ ባለበት ደላላ አይጠፋም። ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ የኢትዮጵያ ልጆች ሄደዋል። ከመካከላቸው በእርግጥም ማንም ያልነበራቸው ልጆች አሉ፤ በፍቅር ያደጉም ብዙ ናቸው። እንደ እናትሽ ያሉ እናቶችም ግን ጥቂት አይደሉም። ፓርላማው የውጭ ጉዲፈቻን በጥር 2010 ዓ.ም. የከለከለው እንዲህ ያለው ነገር ከተደጋገመ በኋላ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እናትሽም ማወቅ ያለባት ይመስለኛል። «አድጎ ይመለስልሻል» ስትባል ያመነችው ሞኝ ስለሆነች አይደለም። ጉዲፈቻ በእኛ አገር ሲባል የኖረው ልጅ በሌላ ቤት ያድጋል እንጂ ከወላጁ ይቆረጣል ተብሎ አይደለም። ሕጋችንም ይህንኑ ይላል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 183፣ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደተጠበቀ ነው ይላል። ሁለቱ ቤተሰቦች ሲጋጩ የአሳዳጊው ይቀድማል። በአሜሪካ ሕግ ግን ጉዲፈቻ ከወላጆች ጋር ያለውን የሕግ ትስስር ይቆርጠዋል። ስለዚህ ያ ወረቀት ሲታተም እናትሽ አንድ ነገር ገባት፣ ባሕር ማዶ ያለችው እናት ሌላ ነገር ገባት። ሁለቱም በቅንነት።

ይህን የምልሽ ለአሳዳጊዎቹም ነው። ስትጽፊ አንድም የወቀሳ ቃል አይውጣሽ። «ሰረቁህ» አትበይ፣ «ሸጡህ» አትበይ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን እነሱም አምነው ይሆናል። ለሱ እማዬና አባዬ የሚላቸው እነሱ ናቸው፤ ትኩሳት ሲይዘው ያደሩት እነሱ ናቸው። እነሱን ስትነኪ እሱን ነው የምትነኪው።

አሁን ስለ ራሴ ትንሽ ልንገርሽ። ጋዜጣ ላይ ከመጻፌ በፊት ጥቂት ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ላሉ ቤተሰቦች አስተረጉም ነበር። አንድ ጊዜ ከሀዲያ የመጣች እናት ከልጇ ጋር አንድ የእንግዳ ማረፊያ ሳሎን ውስጥ ተገናኙ። ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። እናትየው በነጠላዋ ጫፍ ቆሎ ቋጥራ አምጥታለች። ልትፈታው ስትሞክር እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ቋጠሮው እምቢ አላት። ልጅቷ አላለቀሰችም፣ አላቀፈቻትም። ዝም ብላ የእናትየዋን እጅ ታያለች። ከዚያ የራሷን እጅ አጠገቡ ዘረጋች። አውራ ጣታቸው ሁለቱም ወደ ኋላ የተለመጠ ነው፣ አንድ ዓይነት። ሁላችንም ትንፋሻችንን ዋጥን።

ከዚያ ልጅቷ በእንግሊዝኛ «ለምን ሰጠሽኝ?» አለች። እኔ ወደ አማርኛ መለስኩት። ሌላ ሰው ከአማርኛ ወደ ሀዲይኛ መለሰው። በመሃል «ለምን» የነበረው «እንዴት» ሆነ። እናትየው «በሚኒባስ» አለች። «መጡና በሚኒባስ ወሰዷት።» ይህ ተመልሶ ልጅቷ ጋ ሲደርስ ፊቷ እንዴት እንደተዘጋ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ስህተቱን አውቀን ያቃናነው ከብዙ ደቂቃ በኋላ ነው። ቶሎ አለማወቄ ዛሬም ይቆጨኛል።

የወንድምሽም የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው የሚሆነው። ዛሬ ባይጠይቅ ከዓመት በኋላ ይጠይቃል። በእናንተ ቤት ደግሞ ቋንቋው ሦስት ነው፤ እናትሽ ወላይትኛ፣ አንቺ ወላይትኛና አማርኛ፣ እሱ እንግሊዝኛ ብቻ። አራት ዓመት ሆኖት የሄደ ልጅ የአፉን ቋንቋ በወራት ውስጥ ነው የሚጥለው። ስለዚህ መልሱን ከአሁኑ አዘጋጁት።

ወደ መልእክቱ ልምጣ። አጭር ይሁን። እሱ መሆኑን ሊያረጋግጥባቸው የሚችላቸውን ነገሮች ብቻ አስገቢ። ረጅም ለቅሶ አይኑርበት፣ የእናትሽ ሕመም አይኑርበት፣ ገንዘብማ በፍጹም አይነሳ። እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምጽፈው፤

«ሰላም። ስሜ እገሊት ነው። የምኖረው ኢትዮጵያ፣ ወላይታ ውስጥ ነው። በ2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2009) ወደ አሜሪካ የሄደ ታናሽ ወንድም አለኝ። ስሙ እገሌ ነበር። አንተ እሱ ትመስለኛለህ። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ። ወንድሜ በልጅነቱ ወድቆ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው። ስለ ቤተሰባችን የተነገረህ ነገር ትክክል ላይሆን ይችላል፤ የማውቀውን ልነግርህ ዝግጁ ነኝ፣ አንተ ስትፈልግ ብቻ። ምንም ነገር አልፈልግም። ለመመለስ አትቸኩል። ከፈለግክ ከምታምነው ሰው ጋር ሆነህ አንብበው።»

«እናታችን አለች» የሚለውን ሆን ብዬ እዚህ አላስገባሁትም። አስቤበታለሁ። በመጀመሪያው መልእክት ይነገር የሚሉ አሉ፤ መደበቅ ይመስላል ይላሉ። እኔ ግን በሩን ከፍቶ እስኪጠይቅ መጠበቁ ይሻላል ባይ ነኝ። «ትክክል ላይሆን ይችላል» የሚለው ቃል መንገዱን ያሳየዋል። አንድ ጊዜ «ምንድን ነው ትክክል ያልሆነው?» ካለሽ ግን አንድ ቀን አታሳድሪው፤ ሳታለሳልሺ ንገሪው።

እንግሊዝኛውን የሚያውቅ ሰው ያስተካክልልሽ፣ ግን አታስውቢው። ቀላል ቃል ይበቃል። የአንቺን ፎቶ አንድ፣ የሱን የልጅነት ፎቶ ካለሽ አንድ፣ አያይዢ። ቤተሰቡን በሙሉ አታሰልፊበት። አደራ ደግሞ ፎቶው ሥር በአደባባይ ኮሜንት አትጻፊ፤ ጓደኞቹ ሁሉ ያዩታል። በግል ነው የሚላከው። ከማያውቀው ሰው የመጣ መልእክት ኢንስታግራም ላይ ለብቻው በጥያቄ መዝገብ ውስጥ ይገባል፣ ሳያየው ወራት ሊቀመጥ ይችላል። ዝምታውን እምቢታ አድርገሽ አትቁጠሪው። ለሦስት ወር ያህል ጠብቂ። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ድገሚ። ከዚያ በኋላ አትደጋግሚ። ብሎክ ቢያደርግሽም አታሳድጂው፣ በሌላ ስም አትምጪበት። አንዳንዱ ልጅ በሃያ አንድ ዓመቱ የዘጋውን በሠላሳ ዓመቱ፣ የራሱን ልጅ ሲወልድ ይከፍተዋል። ስልክ ቁጥርሽን ግን አትቀይሪ።

የቆርቆሮው ነገር። ታላቅ ወንድምሽን አልፈርድበትም። ዝናብ የሚያፈስ ቤት ውስጥ ለሚኖር ሰው ቆርቆሮ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ልጁ ገና ተማሪ ይሆናል፤ አሜሪካ የሚኖር ሁሉ ገንዘብ አለው ማለት አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ «የፈለጉኝ ለገንዘብ ነው» የሚል ጥርጣሬ አንዴ ከገባ አይወጣም። ስብሰባችሁን ቤታችሁ ውስጥ ጨርሱ። ሁላችሁም፣ የአጎት ልጆችም ጭምር፣ ገንዘብ እንዳትጠይቁት ተማማሉ። ራሱ ካነሳው እናትሽ ትመልስለት። መልእክት የሚልክለት አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ አንቺ። አራት የማያውቃቸው ዘመዶች ባንድ ሳምንት ቢጽፉለት ይሸሻል።

እሱ መሆኑን ስለማረጋገጥ ደግሞ፣ ጠባሳ ልብን ያሳርፋል፣ ማስረጃ ግን አይሆንም። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት ልጅ ብዙ ነው። ከመለሰልሽና ከፈለገ የዲኤንኤ (የዘር) ምርመራ አለ። የምትመረመረው እናትሽ ብትሆን ይሻላል፤ እናት ከልጇ ጋር ግማሽ ለግማሽ ነው የምትጋራው፣ ውጤቱ በጣም አስተማማኝ ነው። የመመርመሪያውን ዕቃ ከውጭ የሚመጣ ሰው ሊይዘው ይችላል። በምራቅ ከሆነ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ምንም አትብላ፣ አትጠጣ፣ ቡናም ቢሆን። ምራቅ ለሚያስቸግራት ትልቅ ሰው ጉንጭ በጥጥ የሚጠረገው ይቀላል። ውጤቱ ሳምንታት ይፈጃል። ምርመራው አንዳንዴ በቤት የተሸሸገ ነገርም ያወጣል፤ እናትሽ ይህን አውቃ ትስማማ።

ወረቀቶቹንም መሰብሰብ ጀምሪ። ሳጥኑ ውስጥ ያገኘሽውን በሁለቱም ገጽ ፎቶ አንሺው፤ የመዝገብ ቁጥርና ቀን ይኖረዋል። የውጭ ጉዲፈቻን ያጸድቅ የነበረው አዲስ አበባ ያለው የፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ በቁጥሩ ፋይሉን መጠየቅ ይቻላል። አሳዳጊዎች ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላው በየዓመቱ ስለ ልጁ ሪፖርት እንዲልኩ ይጠበቅባቸው ነበር። ሁሉም አልላኩም። ላኩ ከተባለ ግን ፎቶ ያለበት ሪፖርት በዛሬው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሊገኝ ይችላል፤ ከዞናችሁ ቢሮ ጀምሪ፣ እናትሽን ይዘሻት ሂጂ። ጠያቂዋ እሷ ስትሆን በር ይከፈታል። ቤተሰብ ፍለጋ የሚባል ድርጅትም አለ። የወላጅ ቤተሰቦችንም የልጆቹንም መረጃ እየያዘ ያገናኛል። ወንድምሽ ራሱ ሊፈልጋችሁ ቢነሳ የሚያይበት ቦታ ነውና የእናትሽ ስም እዚያ ይኑር።

«እኔ አገኝልሻለሁ፣ ይህን ያህል ብር ስጪኝ» ከሚል ሰው ግን ተጠንቀቂ። አንቺ ወንድምሽን በፎቶ ጀርባ በነጻ አግኝተሻል። ከገንዘብ በኋላ የውሸት እናት አዘጋጅተው የሚያቀርቡ እንዳሉ ከተጎጂዎቹ ሰምቻለሁ። ለወንድምሽም ይህን ንገሪው፤ ለመመርመር ቢጠይቅሽ አትቀየሚው።

ያን ቀን ጉልቻው ላይ ሲወድቅ ጠባቂው አንቺ እንደነበርሽ ጽፈሻል። በመሃል አስገብተሽ ነው የሄድሽው። ያኔ አንቺም ልጅ ነበርሽ። ሲሄድ አሥራ አራት ዓመትሽ ነበር፣ ማንም አልጠየቀሽም፣ ማንም አላስለቀሰሽም። ይህን ሁሉ ሥራ ስትሠሪ አንቺንም የሚሰማሽ አንድ ሰው ይኑር፤ ጓደኛ፣ የንስሐ አባት፣ ፓስተር፣ የምታምኚው ሰው።

አሁን ከሁሉ በፊት የምትሠሪው አንድ ነገር አለ። ወንድምሽ ቢመልስም ባይመልስም የሚጠቅም ነው። እናትሽ ስትስማማ፣ አንድ ማታ እሳቱ ዳር ስልክሽን አስቀምጪና ድምጿን ቅጂ። በወላይትኛ፣ እንደልቧ ታውራ። የተወለደ ለት ማን ነበር አጠገቧ? ዝናብ ነበር ወይ? ስሙን ማን አወጣው፣ ለምን? መጀመሪያ ያለው ቃል ምን ነበር? የወሰዱት ጠዋት ምን ለብሶ ነበር፣ ምን በልቶ ወጣ? በመጨረሻ «ለምን ሰጠሽኝ?» የሚለውን ጠይቂያት። ዝም ካለች ዝምታውም ይቀዳ፤ አትቁረጪው። ከዚያ ቃል በቃል፣ አንድም ሳትቀንሺ፣ ጻፊው። ተርጉመሽ ስትጨርሺ ደግሞ ላኪልኝ፤ እንግሊዝኛውን አብሬሽ አየዋለሁ፤ «ለምን» የሚለው «ለምን» ሆኖ እንዲደርሰው።